ድምፅ ተጋሩ

የጡረታ ብር በሚወጣበት ሰሞን ነቀምቴ ባንክ ቤት በር ላይ የቆመውን ሰው ያየ፣ ከተማው ወጣት የሌለው ይመስለዋል። ዣንጥላና ከዘራችንን ይዘን፣ አንዱ ስለ ጉልበቱ ሌላው ስለ ደም ግፊቱ እያወራ፣ "ሲስተም የለም" እስኪሉን ድረስ እንቆማለን። ሲስተም የለም ሲሉንም ማንም አይቆጣም። ለመቆጣትም አቅም ይጠይቃል፤ ነገ እንመለሳለን ብለን እንበተናለን። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደ ልማዴ ግድግዳውን ተደግፌ ጉልበቴን ሳሻሽ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው ጥበቃውን "አካም ቡልተን" ብሎ ሰላም አለው። እንዴት አደራችሁ ማለት ነው፤ እዚህ አገር በቀን ስንት ጊዜ የሚሰማ ነገር ነው፣ ማንም ዞር አይልም። እኔን ግን ድምፁ ያዘኝ። እንደዚያ ያለ ወፍራም፣ ከእግር ሥር የሚነሳ የሚመስል ድምፅ ያለው ሰው በዕድሜዬ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው ከዚህ ርቆ ጊዳ አያና ነው። ሳልዞር "ዋቅጅራ ነህ?" አልኩ። "አልቶዋ" አለኝ። ብርቄ ብሎ በስሜ እንኳ አልጠራኝም፤ እኔም አልተቀየምኩም።

ዋቅጅራና እኔ በወጣትነታችን በአንድ ኳየር የዘመርን ሰዎች ነን፤ እሱ ወፍራሙን ባስ፣ እኔ መካከለኛውን አልቶ። በኋላ እሱ አያና ሄዶ መምህር ሆነ፣ ከማስተማሩ ጎን ለጎን እያረሰ፣ ልጆች አሳድጎ እዚያው ጡረታ ወጣ። ምነው ወደዚህ መጣህ አላልኩትም። ከአያናም ከኪራሙም የመጣ ሰው ከተማችን ውስጥ ሞልቷል፤ ኦሮምኛ የሚናገረውም አማርኛ የሚናገረውም፣ ሁሉም ግጭቱን ሸሽቶ ንብረቱን ጥሎ ነው የመጣው፤ ማን ጠይቆ ማን ይመልሳል። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከመጨረሻ ልጁ ከሌሊሴ ጋር እንደሚኖር ነገረኝ። የምታርስባቸው በሬዎችስ ስለው፣ ዘመዶቹ በስንት መከራ ነድተው ጉቲን ገበያ በወረደ ዋጋ ሸጠውለታል። "ብሩ አለ፤ አልነካሁትም" አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ልጅቱ ሙዚቃ ተምራ መመረቋን፣ አሁን ደግሞ ማስተርስ ካልተማርኩ ብላ ማስቸገሯን፣ በሙዚቃ ትምህርት ያረጀ ሰው ከእኔ ሌላ እንደማያውቅ ነገረኝና ይዟት ሊመጣ ቀን ቆረጥን።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ጡረታዬን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ አላስታውስም። ሐሳቤ አባቴ ሱቅ ሄዶ ቀረ። አባቴ ከጉራጌ አገር ወጥቶ ነቀምቴ ላይ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ ማዕዘኑ ላይ ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ሞባይል ይጠገናል። ያኔ ግን ላምባ በጠርሙስ፣ ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አቡጀዲና ቴትሮን በክንድ ይሸጥበት ነበር። ስሙኒ ይዞ የገባ ልጅ ከረሜላውንም መልሱንም ይዞ ይወጣል። አባቴ በጉራጊኛ ይቆጣል፣ በአማርኛ ይነግዳል፣ በኦሮምኛ ይቀልዳል። እሑድ እሑድ ጠዋት ከሱቁ በታች ካለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይሰማል። በአራት ድምፅ ነው የሚዘምሩት። እኛ ቤት ዜማ ማለት አንድ ሰው ሲያወጣ ሌላው የሚከተለው ነበርና፣ አራት ነገር ባንድ ጊዜ እየተባለ እንዴት አንድ መዝሙር እንደሚሆን ቆሜ ከመስማት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አባቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ ልግባ ስለው ትንሽ አሰበና "ለዩኒፎርም የሚሆነውን ጨርቅ ከእኔ ይግዙ እንጂ፣ ሂጂ" አለኝ።

ገዙም። ውሃ ሰማያዊ ቴትሮን፣ ሁላችንም ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ፤ ከላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከታች ጉርድ ቀሚስ፣ ወንዶቹ እግሩ ሰፋ ያለ ሱሪ። አይ የዚያ ሱሪ ነገር፤ የዋቅጅራ ሱሪ ብቻውን የነቀምቴን አስፋልት ይጠርግ ነበር፣ ያኔ አስፋልት ቢኖር። ጊምቢ ልንዘምር ስንሄድ ጭነት መኪና ላይ ከነተጠቀለለው ዩኒፎርማችን ዝናብ መታን፤ የአባቴ ጨርቅ ቀለሙን ለቀቀና ነጩ ሸሚዝ ሁሉ ሰማያዊ ሸንተረር አወጣ። አፍረን መድረክ ወጣን። የጊምቢ ሰዎች ግን ዲዛይኑ መስሏቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሸሚዛቸውን ሸንተረር አስነክረው ለብሰው መጡ። አባቴ ይህን ሲሰማ የዚያን ጣቃ ዋጋ ጨመረበት።

መሪያችን ኦቦ ተርፋሳ የሚባል አናጢ ነበር። አማርኛው ከኦሮምኛ እየተተረጎመ የሚወጣ ስለሆነ፣ አዲስ መዝሙር ስንጀምር "ድምፅ ተከፋፈሉ" ማለት ሲገባው "ድምፅ ተጋሩ" ይለናል። ቆሎ ነው እንዴ የምንጋራው እያልን ሳቅንበት፤ ቆይቶ ግን እኛም እንደዚያው ማለት ጀመርን። ድምፅ መጋራት ማለት፣ ዜማውን ሶፕራኖዎቹ ይወስዳሉ፣ ባሶቹ ከሥር ይይዛሉ፣ አራተኛው ድምፅ ቴነር ሁልጊዜም አይገኝም፣ እኛ አልቶዎቹ ደግሞ የተረፈውን መሀል ላይ እንሞላለን። አልቶ ብቻውን ሲሰማ ምንም አይመስልም። እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው አካሄድ ነው፤ ትንሽ ይወጣል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። እኔ ግን ከዚያ በቀር ዘምሬ አላውቅም፤ ዜማ የሚባለው ያ ይመስለኝ ነበር።

ጉዱ የፈላው አዲስ አበባ ነው። ሙዚቃ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተማሪ ይቀበላል ተብሎ ኦቦ ተርፋሳ ግቢ ግቢ ብሎ ነዘነዘኝ። ለአውቶቡስ የከፈልኩት ገንዘብ ዛሬ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ባኮ ላይ ምሳ በልቼ፣ አቧራ ቅሜ፣ የእህቴን ባለ ዘለበት ጫማ ተጫምቼ ገባሁ። ፈታኞቹ ፊት ቆሜ የምታውቂውን ዘምሪ ሲሉኝ፣ የምወደውን መዝሙር አልቶውን ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘመርኩላቸው። ተያዩ። አንደኛው ራሱን እያከከ "ልጄ፣ ይሄ ምን መዝሙር ነው?" አለኝ። ስሙን ነገርኩት። መዝሙሩን ያውቀዋል፤ እኔ የዘመርኩት ግን እሱ አይደለም አለ። ነው፣ አይደለም፤ ነው፣ አይደለም። ሆድ ባሰኝና እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ፒያኖው ጋ የተቀመጠው ሰው እንደገና ዘምሪው ብሎ ዜማውን ከላይ መታልኝ። ተገጣጠመ። እኔ ዜማውን ማን እንደያዘልኝ ለማየት ዞር ስል ሁሉም ሳቁ። ተቀበሉኝ።

በነፃ ነው የተማርኩት። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ቫዮሊኑ፣ ለሳሙና የሚሆነው የኪስ ገንዘብ ሳይቀር ይሰጠናል፤ የምናማርረው ሽሮው ስለ መቅጠኑ ነበር። ስንጨርስ ዕጣ አወጣንና ወለጋ ደረሰኝ፣ መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም ተመድቤ ነቀምቴ ተመለስኩ፤ አንድ ቁልፏ የማይሠራ አኮርዲዮን ይዤ እዚያው አረጀሁ። መሀል ላይ ዘመኑ ተገለበጠ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገና መዝሙሩ በየሰው ሳሎን ገባ። ያኔ ሶፕራኖዎች ዝም በሉ ይባሉ ነበር፤ የነሱ ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማላ። እኔና ዋቅጅራ፣ አልቶና ባስ ብቻ፣ አፋችንን ገርበብ አድርገን ከሥር እንዘምራለን። ዜማውን ሁሉም ሰው በሆዱ ይዞታል። እንደዚያ ዘምረን ተበተንን፤ እሱ አያና ሄደ፣ ኦቦ ተርፋሳም ሞተ።

በቀጠሯችን ቀን አባትና ልጅ መጡ። ሌሊሴ ቀጭን ናት፣ ስታወራ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይጫወታሉ። አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ኪቦርድ እየመታች ሀ ሁ ታስዘምራለች፤ ቅዳሜ ሠርግ ታጅባለች። ደመወዙ በእጅ ነው የሚሰጣት፣ ያውም ሲገኝ። ዩኒቨርሲቲ ስትማር የበላችውና ያደረችበት እንዲሁም የትምህርቱ ዋጋ በስሟ ተጽፏል፤ ወጪ መጋራት ይሉታል። እሱን ከፍላ ካልጨረሰች ኦሪጅናል ዲግሪዋ አይሰጣትም፣ የውጤቷም ወረቀት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አይላክላትም። እጇ ላይ ያለችው ጊዜያዊዋ ቴምፖ ናት፤ እሷም ፕላስቲክ ለብሳ ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። ማስተርሱን ለመማር መጀመሪያ የድሮውን ዕዳ መክፈል፣ ከዚያ አዲሱን መጀመር ነው፤ እሱ ደግሞ በግል ከፋይ ነው፣ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ጋር። የበሬዎቹ ብር ለድሮው ይበቃል። ለአዲሱ በመምህራን ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ካላት አክስቷ መበደር አለባት።

ዋቅጅራን በጣም ያቃጠለው ግን ብሩ ሳይሆን ቃሉ ነው። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ወጪ መጋራት የሚል ውል ፈርሚ መባሏን ስትነግረው፣ ደስ ብሎት አያና ላይ ጎረቤት ጠርቶ ምሳ አብልቷል። ለምን አይደሰት? ለሱ መጋራት ማለት የኦቦ ተርፋሳ መጋራት ነው፤ መንግሥት አንዱን ድምፅ ይይዛል፣ እኔ አንዱን፣ ልጄ አንዱን ብሎ ነዋ። እሱ የሷን ልብስና ትራንስፖርት ችሎ የድርሻውን የጨረሰ መስሎት ኖሯል። ቀሪው በሙሉ የልጅቱ መሆኑን የሰማው ስትመረቅ ነው። "አራት ዓመት ሙሉ ባስ ይዤ ስዘምር፣ ለካ ሌላ የሚዘምር የለም" አለ። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ከዘመዶቻቸው አንዱ፣ በዚህ ብር የፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝታ ኮሌጅ በር ላይ ብትቀመጥ ይሻላታል ብሏል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዘመድየው ጋር ነበርኩ። ማስተርሱ ምን ያመጣልሻል ብዬ ጠየቅኳት። ኮሌጅ ለማስተማር ዛሬ ያለ እሱ አይቀጥሩም አለች። ክፍት ቦታ አለ ወይ አልኳት፤ የለም። ይኖራል ወይ? እንጃ። ታዲያ? ጣቶቿ ቆሙ። "ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፣ አዴ ብርቄ። መማር እፈልጋለሁ። የማላውቀው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፣ ኪቦርዱ ላይ ስቀመጥ ይጎድለኛል" አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። ያም ሆኖ ደክሞኛል። ስንት ልጅ አኮርዲዮን አስይዤ፣ ስንቱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሒሳብ አልቀበልም ይለኛል፣ ከዚያ ሌላ ከሙዚቃው የቀረ ነገር የለም። ይቺንም ልጅ በሁለት ዕዳ ታስራ፣ አባቷም ወደ መሬቱ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ የሚያርስበት አጥቶ ማየት አልፈለግኩም። ነገርኳት። እኔ ብሆን አልሄድም አልኳት። ዋቅጅራን ደግሞ፣ አያና ሰላም ሲሆን በምን ታርሳለህ፣ በቴምፖ ነው? አልኩት።

ሌሊሴ ቆጣ አላለችም። አንገቷን እንደደፋች፣ እርስዎስ ሲሄዱ ቦታ ይኖራል ብለው ነው? ስትል ጠየቀችኝ። በነፃ ስለሆነ ነው የሄድኩት አልኳት፤ በገንዘብ ቢሆን አባቴ ጣቃ ጨርቅ አይሸጥልኝም ነበር፣ እኔም አልለምነውም። ያኔ ነው ቀና ያለችው። በትህትና፣ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ፤

"እርስዎ በነፃ ሲማሩ ማን ነበር የሚከፍለው?"

"መንግሥት ነዋ።"

"መንግሥት ከየት አምጥቶ?"

በዚያ ሁሉ ዘመን አስቤው አላውቅም። የቀጠነውን ሽሮ ስናማርር ማን እንዳበላን ያነሳ ልጅ መኝታ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ዋቅጅራ ከዘራውን እያሽከረከረ፣ ለማንም ሳይሆን እንደ ቀልድ፣ አባቱ ለግብር ማር ሲሸጥ አብሮት ገበያ ይሄድ እንደነበር አወራ። ደረሰኙን በጨርቅ ቋጥሮ ምሰሶ ላይ ይሰቅለው ነበር። "እንግዲህ የአንቺን ቫዮሊን መምቻ ጭራ የገዛው ያ ማር ይሆናል፤ ከአንገቷ የሚወርደውን ገመድ ደግሞ የአጎቴ በግ" አለኝ። ልጅቱ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ፤ ፊቴን ወደ በረንዳው አዞርኩ።

ሊሄዱ ሲነሱ ዋቅጅራ በሩ ላይ ቆመ። ያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"በይ እንግዲህ፣ ድምፅ እንጋራ" አለኝ። "ባሱ የእኔ ነው፤ የድሮውን ዕዳ በሬዎቹ ይክፈሉት። እርሻው ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፤ እስከዚያ ማን ያውቃል። ሶፕራኖው የልጅቱ ነው፣ ትሂድና ትማር። አልቶው ክፍት ነው።"

"ቴነሩስ?" አልኩት፤ ለመሸሽ ያህል።

"ቴነር ድሮስ መቼ ነበረን።"

እኔ ጡረታዬ ለራሴ መድኃኒት አይበቃም። ያለችኝ ግቢዬ ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ቤት ናት፣ አንዲት ነርስ ተከራይታታለች። በዚያች ኪራይ ነው ሥጋ የማየው፣ ሰው ሲሞትብኝም እዝን የምይዘው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። አትሂጂ ያልኩት እኔ፣ መክፈልስ ለምን የእኔ ይሆናል እላለሁ፤ ደግሞ ያ ፒያኖ ጋ የተቀመጠ ሰውዬ ይመጣብኛል። ዜማውን ከላይ ባይመታልኝ ኖሮ በእህቴ ጫማ ወደ ነቀምቴ ተመልሼ ቴትሮን እለካ ነበር። በስምንተኛው ቀን ዋቅጅራ ጋ ደውዬ፣ የሰርቪሷ ኪራይ በየወሩ የሌሊሴ ነው፣ ከአክስቷ የምትበደረው ይቀንስላት አልኩት። ደስ ብሎኝ አይደለም። ዛሬም ትክክል መሥራቴን አለመሥራቴን አላውቅም።

ኦሪጅናሏ ተሰጣት፤ ዋቅጅራ ይዞት መጥቶ አሳየኝ። በሬዎቹ እነዚህ ናቸው አለና ማኅተሙን በጣቱ ነካው። ሌሊሴ መንገድ ተከፍቷል በተባለበት ቀን ሄደች። አሁን አንዳንዴ ትደውላለች። ትምህርቱ ከብዷታል፣ ክፍሏን ከሦስት ሴቶች ጋር ተከራይታለች፣ ራት መብላት ትታለች መሰለኝ፤ ስጠይቃት ወሬ ትለውጣለች። ድምጿ ግን በርትቶ የሌላ ሰው ሆኗል። አንድ ቀን መምህሯ የነገራትን ነገር ልትነግረኝ ስትጣደፍ ካርዷ አለቀ፤ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ስትጨርስ ሥራ ታገኛለች? እንጃ። ዕዳውን ይዛ ወደዚያች ኪቦርድ ትመለስ ይሆናል። ይህን ሳስብ አንዳንድ ቀን መነሳት ያቅተኛል።

ዋቅጅራ የጡረታ ብር በሚወጣበት ቀን ከባንክ በቀጥታ እኔ ጋ ይመጣል። ሻይ በዳቦ እንጠጣለን፤ ስለ አያና ይነሳል፣ ይወድቃል። ወሬው ሲያልቅብን፣ ያን በየሳሎኑ በሹክሹክታ የምንዘምረውን መዝሙር እንጀምራለን። እሱ ባስ፣ እኔ አልቶ፤ እኔ ድምፄ ይሰነጠቃል፣ እሱ ትንፋሹ ያጥረዋል። ከላይ ማንም የለም። ባለፈው ወር ስንዘምር ነርሷ ከሰርቪሱ ወጥታ፣ የወሩን ኪራይ በእጇ ይዛ፣ በረንዳው ሥር ቆማ አዳመጠችን። ብሩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ ሳልቆጥር ለዋቅጅራ አሳለፍኩት።

"አዴ ብርቄ፣ ይሄ ምን መዝሙር ነው? ዜማው አልገባኝም" አለች።

ዋቅጅራ ብሩን ኪሱ እየከተተ ቀና ብሎ አያት።

"ወጪ መጋራት ይባላል" አላት። "አንቺም አለሽበት።"